ፍጥነቱን ሁሉም ይጠይቃል፤ መንገዱንስ?

ባንክ ቤት ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ከተሜ ማግኘት ይከብዳል። የሆስፒታል ካርድ ክፍልም፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤትም፣ የትኬት ቢሮም በየተራቸው ይህንኑ ይላሉ። ተገልጋዩ ዋናው ኮምፒውተር የተበላሸ ይመስለዋል። በብዙ አጋጣሚ ግን ዋናው ኮምፒውተር ዳታ ማዕከሉ ውስጥ ያለ እንከን እየሠራ ነው፤ የተቋረጠው ቅርንጫፉን ከእሱ ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው። በዚህ መሐል ደመወዝተኛው ደመወዙን ሳይወስድ፣ ነጋዴውም የዕቃውን ክፍያ ሳያስተላልፍ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ይህ ዳሰሳ ስለዚያ መስመር ነው። ከአንድ በላይ ቦታ ላይ የሚሠራ ድርጅት፣ ባንክም ይሁን የአበባ እርሻ፣ ፋብሪካም ይሁን የግል ሆስፒታል፣ ቢሮዎቹን እርስ በርስና ከውጭው ዓለም ጋር በምን ያገናኝ? ዛሬ በአብዛኛው ዓለም መልሱ በፋይበር ላይ የሚሄድ ኢተርኔት ሆኗል። መልሱ አንድ መሆኑ ግን ጥያቄውን አላቀለለውም፤ በዚህ በአንዱ ስም የሚሸጡት አገልግሎቶች እጅግ የተለያዩ ናቸውና። የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ድርጅቶቻችን ሲዋዋሉ የሚከራከሩት በፍጥነቱ ቁጥር ላይ ነው፤ ሥራ የሚያስቆማቸው ግን መስመሩ የሚያልፍበት መንገድ፣ የጥገናው ሰዓትና በገዛ ሕንፃቸው ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ነው።

ኢተርኔት መጀመሪያ የተሠራው ለአንድ ሕንፃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሜይ ወር ሮበርት ሜትካፍ የተባለ ወጣት መሐንዲስ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል አንድ ማስታወሻ ጽፎ ለባልደረቦቹ አዳረሰ። ማዕከሉ አልቶ የሚባሉ የግል ኮምፒውተሮችና አዲስ የሌዘር ማተሚያ እየሠራ ስለነበር እነዚህን የሚያገናኝ ርካሽና ፈጣን ዘዴ ያስፈልገው ነበር። ሜትካፍ ከዴቪድ ቦግስ ጋር የሠራው ኔትወርክ በሰከንድ 2.94 ሜጋ ቢት ያስተላልፍ ነበር። መነሻ ሐሳቡ የተገኘው የሃዋይ ደሴቶችን በሬዲዮ ካገናኘው አሎሃኔት ነው፤ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ይናገራሉ፣ የሁለቱ መልእክት ከተጋጨ ሁለቱም ጥቂት ጠብቀው ይደግማሉ። በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ የተባሉት ኩባንያዎች በጋራ የ10 ሜጋ ቢት ደንብ አወጡ። በ1983 ደግሞ አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 802.3 በሚል ቁጥር መስፈርት አደረገው።

ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ተመነደገ። በ1990 ወፍራሙ ኬብል ቀርቶ ለስልክ እንደምናውቀው ያለ የተጠማዘዘ የመዳብ ሽቦ መጣ። ቀጥሎ እያንዳንዱን መልእክት ለተቀባዩ ብቻ የሚያደርሱ ስዊች የሚባሉ መሣሪያዎች ተስፋፉና የመልእክት ግጭቱ ጠፋ። 100 ሜጋ ቢት በ1995፣ 1 ጊጋ ቢት በ1998፣ 10 ጊጋ በ2002፣ 100 ጊጋ በ2010፣ 400 ጊጋ በ2017፣ 800 ጊጋ በ2024 መስፈርት ወጣላቸው። ኢተርኔትን ለድል ያበቃው ግን በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሳይለወጥ የቆየው የመረጃ እሽጉ ቅርጽ ይመስለኛል። ያኔ የተወሰነው የ1,500 ባይት ጣሪያ ዛሬም መደበኛው ነው። ስለዚህ የትናንቱ መሣሪያ ከዛሬው ጋር ይነጋገራል፣ ባለሙያው የተማረውን አይጥልም፣ ዕቃውም በብዛት ስለሚመረት ዋጋው ይወርዳል። ቶክን ሪንግን የመሳሰሉ ተፎካካሪዎች በአንዳንድ ነገር ይሻሉ ነበር፤ ርካሹ አሸነፋቸው።

ከሕንፃው ውጭ ያለው መንገድ ግን ለረጅም ጊዜ የስልክ ኩባንያዎች ግዛት ሆኖ ቆየ። ሁለት ቢሮዎቹን ማገናኘት የሚፈልግ ድርጅት ኢ-ዋን የሚባል የኪራይ መስመር ይወስድ ነበር። አቅሙ 2.048 ሜጋ ቢት ሲሆን የተቀመረውም 30 የስልክ ንግግሮችን እንዲሸከም ነው። ከዚያ በላይ የፈለገ ሌላ ኢ-ዋን ይደርባል፣ አለዚያም በብዙ እጥፍ ወደሚበልጥ መስመር ይዘላል። ኋላ የመጣው ኤቲኤም የተባለ የማስተላለፊያ ዘዴ መረጃውን በ53 ባይት ይቆራርጠው ነበር። የቢሮው ኢተርኔት ወደነዚህ መስመሮች ሲገባ የሚተረጉም መሣሪያ ይፈልጋል፤ መሣሪያው ውድ ነው፣ ፍጥነት ለማሳደግም ካርዱ መቀየር አለበት።

በ2001 ሜትሮ ኢተርኔት ፎረም የተባለ የኩባንያዎች ኅብረት ተቋቁሞ ከሕንፃ ውጭ ለሚዘረጋው ኢተርኔት ስምና መለኪያ ማውጣት ጀመረ። ኢ-ላይን ሁለት ቦታዎችን ብቻ ያገናኛል። ኢ-ላን ብዙ ቦታዎችን በአንድ ስዊች ላይ እንደተሰኩ አድርጎ ያያይዛል። ኢ-ትሪ ደግሞ ዋናው ቢሮ ከሁሉም ቅርንጫፎች ጋር እንዲነጋገር፣ ቅርንጫፎቹ ግን እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል። ለደንበኛው የመጣው ትልቁ እፎይታ የፍጥነት ማሳደጉ ነው። አንዴ የ1 ጊጋ ወደብ ከገባለት በኋላ ከ20 ወደ 50፣ ከ50 ወደ 100 ሜጋ ቢት ለማደግ ማንም ሰው መሰላል ይዞ መምጣት አያስፈልገውም፤ አቅራቢው ከቢሮው ሆኖ ገደቡን ከፍ ያደርገዋል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ዋናውን ዳታ ማዕከል ከመጠባበቂያው ዳታ ማዕከል ጋር ለማገናኘት ኢ-ላይንን የሚያህል የለም። ኢ-ላን ደግሞ ሲያዩት ቀላል ስለሆነ ያጓጓል፤ እኔ ግን በአሥሮች የሚቆጠሩ ቅርንጫፎችን በአንድ የኢተርኔት ሜዳ ላይ ማሰማራትን አልመክርም። አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ባለማወቅ የኬብሉን ሁለት ጫፎች አንድ ስዊች ላይ ቢሰካ፣ መልእክቱ ራሱን እያባዛ ይሽከረከራል። መከላከያው በትክክል ካልተበጀ ጎርፉ በዚያው መስመር ወጥቶ ሌሎቹን ቅርንጫፎች ያጥለቀልቃል። መድኃኒቱ በየጫፉ የቅርንጫፉን ኔትወርክ ከሌላው የሚለይ ራውተር ማኖር ነው። ብቁ ባለሙያ ያለው ድርጅት ኢ-ላይን ገዝቶ ራውቲንጉን ራሱ ይያዘው፤ የሌለው ግን ራውቲንጉንም አቅራቢው የሚሠራለትን ቪፒኤን ቢገዛ ይሻለዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። አቅራቢው የአንዱን ደንበኛ መረጃ ከሌላው የሚለየው በእሽጉ ላይ በሚለጥፈው መለያ ነው፤ መረጃው ግን አልተመሰጠረም። የገንዘብና የሕሙማን መረጃ የሚያስተላልፍ ድርጅት ምስጠራውን በራሱ መሣሪያ መጨመር አለበት።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ብዙዎች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነውና። «የ100 ሜጋ ፋይበር» ተብለው ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። አንደኛው የጋራ ብሮድባንድ ነው። በተለመደው የጂፖን ዘዴ ከአቅራቢው ጣቢያ የሚነሳ አንድ ፋይበር በመንገድ ላይ ባለ መከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ደንበኞች ይደርሳል፤ ወደ ደንበኞቹ የሚወርደው 2.5 ጊጋ ገደማ፣ ከደንበኞቹ የሚወጣው 1.25 ጊጋ ገደማ ለሁሉም ነው። ነገሩ የሰፈር ቦኖ ውኃ ነው፤ ጠዋት ሁሉም ጀሪካን ይዞ ሲመጣ የሚደርስህ ሌላ፣ እኩለ ሌሊት የሚደርስህ ሌላ ነው። ሁለተኛው ለአንድ ደንበኛ ብቻ የተመደበ መስመር ነው፤ የሚወጣውና የሚገባው ፍጥነት እኩል ነው፣ ውሉም የተረጋገጠ መጠን ይጽፋል። የዋጋቸው ልዩነት የትየለሌ የሆነው ለዚህ ነው።

ለፋርማሲ፣ ለካፌ፣ ለትንሽ የሕግ ቢሮ የጋራው መስመር ይበቃል። የተመደበ መስመር እንዲገዙ የሚገፋፋቸው ሻጭ ያልተገባ ወጪ እያስወጣቸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ የመጠባበቂያ ቅጂ ወደ ዳታ ማዕከል የሚልክ፣ የስልክ ጥሪ ማዕከል ያለው፣ ወይም የራጅና የሲቲ ምስል ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው ሆስፒታል የሚያስተላልፍ ተቋም ግን የሚወጣው ፍጥነት ከሚገባው ባልተናነሰ ያስፈልገዋል። የጋራ መስመር ከሰዓት በኋላ ሐኪሙን ቁጭ አድርጎ ያስጠብቀዋል።

ቁጥሩ ራሱ ምን ይናገራል? የ1 ጊጋ መስመር ገዝቶ መለኪያው 940 ሜጋ ቢት ቢያሳየው የተሰረቀ የሚመስለው ደንበኛ አለ። አልተሰረቀም። እያንዳንዱ የ1,500 ባይት እሽግ ሽቦው ላይ ሲወጣ ከአድራሻው፣ ከመነሻ ምልክቱና በእሽጎች መካከል ካለው ክፍተት ጋር 1,538 ባይት የሚያህል ቦታ ይይዛል፤ ከ1,500ው ውስጥም የተወሰነው ለራሱ ለመላኪያው ደንብ ይውላል። የቀረው 940 ነው።

ርቀቱ ሲጨመር ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ትርጉም ሊያጣ ይችላል። መረጃ የሚልክ ኮምፒውተር የተወሰነ መጠን ከላከ በኋላ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይጠብቃል። አሮጌ ፕሮግራሞችና መሣሪያዎች መልስ ሳይጠብቁ የሚልኩት እስከ 64 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። መልእክቱ ደርሶ መልሱ ለመመለስ 150 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በአንድ ግንኙነት የሚሄደው መረጃ 3.5 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። መስመሩ 10 ሜጋም ይሁን 1 ጊጋ፣ የሚላከው ፋይል በ3.5 ሜጋ ቢት ይጓዛል። አውሮፓ ከሚገኝ ሰርቨር ጋር የሚሠራ ፕሮግራም ሲንቀራፈፍ ፍጥነት ላይ ፍጥነት የሚጨምር ሥራ አስኪያጅ ገንዘቡን በከንቱ እያፈሰሰ ነው። የዘመኑ ኮምፒውተሮች ይህን ገደብ በራሳቸው ያሰፉታል፤ ችግሩ የሚገኘው ማንም ዓይኑን ባልጣለበት ያረጀ ዕቃ ላይ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ አቅራቢውን የሚያስወቅሰው ጉዳይ የገደቡ አተገባበር ነው። ደንበኛው የገዛው 100 ሜጋ፣ የተሰጠው ወደብ ግን የ1 ጊጋ ነው። ራውተሩ ይህን ካልተነገረው በ1 ጊጋ ፍጥነት ግር ብሎ ይልካል፤ የአቅራቢው መሣሪያ ከ100 በላይ የሆነውን ይጥላል፤ የተጣለው እንደገና ይላካል። ግራፉ ላይ 60 ሜጋ እየታየ መስመሩ የታፈነ ይመስላል። በደንበኛው ራውተር ላይ መላኪያውን በ100 የሚገራ አንድ ቅንብር ችግሩን ይፈታዋል። ትናንሽ ገጾች ሲከፈቱ ትልልቅ ፋይሎች መሐል ላይ ቢቀሩ ደግሞ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የእሽጉ መጠን ነው፤ ምስጠራው የራሱን ጥቂት ባይት ሲጨምርበት 1,500ውን አልፎ አንድ ቦታ ላይ ይጣላል።

ሕንፃው ውስጥ ያለው ሽቦ ብዙም አይነሳም፤ መነሳት ግን አለበት። ካት 5ኢ 1 ጊጋን እስከ 100 ሜትር፣ ካት 6ኤ 10 ጊጋን እስከ 100 ሜትር ያደርሳሉ። ይህ የሚሆነው ግን ሽቦው መዳብ ከሆነ ነው። ገበያ ላይ ከውጭ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ኬብል «ካት 6» ተብሎ ታትሞበት በርካሽ ይሸጣል። ጥቅልሉን በእጅ ሲያነሱት ይቀላል፤ ጫፉን በምላጭ ቢፍቁት ቀዩ ተገፎ ነጣ ያለው ብረት ይታያል። ርቀት ሲበዛ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ በኬብሉ ኤሌክትሪክ የሚቀበሉ ካሜራዎችና ስልኮች ሲኖሩ ይሞቃል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። የ200 ሜጋ ፋይበር አስገብቶ በ100 ሜጋ አሮጌ ስዊች የሚያልፍ መሥሪያ ቤትም ጥቂት አይደለም።

ይህ ሁሉ በሥርዓቱ ቢሟላም ፋይበሩ የተቆረጠ ቀን ዋጋ የለውም። ስለዚህ ጥገናው እንዴት እንደሚከናወን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያ የተቆረጠበት ቦታ መገኘት አለበት። ኦቲዲአር የሚባል መሣሪያ ከአንደኛው ጫፍ የብርሃን ምት ይልካል፤ ተንጸባርቆ የተመለሰውን ጊዜ ለክቶም ብርሃኑ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደቆመ ያሳያል። የሚያሳየው ግን የፋይበሩን ርዝመት እንጂ የአስፋልቱን አይደለም። በየማንሆሉ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ትርፍ ኬብል አለ፤ ትክክለኛ ካርታ ከሌለ ቡድኑ ማንሆል እየከፈተ ወዲያና ወዲህ ይፈልጋል። ቦታው ሲገኝ ኬብሉ ይላጣል፣ ፋይበሮቹ በቀለም ቅደም ተከተል ይለያሉ፤ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ እያለ ይቀጥላል። የመስታወቱ ውፍረት 125 ማይክሮን ነው፤ ብርሃኑ የሚሄድበት እምብርት ደግሞ 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ። ቴክኒሻኑ እያንዳንዱን በአልኮል ይጠርጋል፣ በልዩ ቢላ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ ሁለቱን ጫፎች ማሽኑ ውስጥ ያጋጥማል፤ ማሽኑ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ያዋህዳቸዋል። አንዱ ፋይበር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ኬብሉ ግን 96 ወይም 144 ፋይበር ሊይዝ ይችላል፤ አቧራና ዝናብም ፋታ አይሰጡም። የማን ፋይበር ቀድሞ ይቀጠላል የሚለው በአጋጣሚ አይወሰንም፤ ዋናው የከተማ መስመር ይቀድማል፣ ከዚያ ቅድሚያ የሚሰጥ ውል ያላቸው ደንበኞች ይከተላሉ። ውሉ ስለዚህ ዝም ያለ ደንበኛ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቆማል።

ከተሞቻችን ባሉበት ሁኔታ ቆፋሪው ሁልጊዜ አጠገባችን ነው። መንገድ ይሰፋል፣ የውኃ ቱቦ ይቀበራል፣ ሕንፃ ይነሣል፤ ኤክስካቫተሩ ከመሬት በታች ያለውን አያውቅም። ሁለት መስመር መያዝ መፍትሔ የሚሆነው ሁለቱ መስመሮች በእርግጥ ሁለት ሲሆኑ ብቻ ነው። እስከ 2022 ድረስ በኢትዮጵያ ድርጅቶች ሁለተኛ መስመር ሲገዙም ከዚያው ከመጀመሪያው አቅራቢ ከኢትዮ ቴሌኮም ነበር። በ2021 የ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ የወሰደው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በኦክቶበር 2022 ሥራ ሲጀምር ሁለተኛ አቅራቢ ማሰብ ተቻለ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ግን ሁለት ደረሰኝ ማለት ሁለት መንገድ ማለት አይደለም። የሁለት አቅራቢዎች ፋይበር በአንድ ድልድይ ሥር፣ በአንድ ምሰሶ ላይ፣ ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል ከፍተኛ መስመር አናት ላይ ባለው በአንዱ ሽቦ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። መሠረተ ልማት መጋራት ለአገር ይጠቅማል፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የመጋራት መመሪያ አውጥቶለታል፤ ለመጠባበቂያ ሲባል ሁለት መስመር ለገዛ ባንክ ግን የተጋራችው ቦታ የት እንደሆነች ማወቅ ግዴታው ነው። ወደ ሕንፃው የሚገቡት በአንድ ቀዳዳ ከሆነም ነገሩ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። መብራት ሲጠፋ የራስን ጀነሬተር ማስነሳት ብቻ አይበቃም፤ የአቅራቢው የሰፈር ጣቢያ ስንት ሰዓት በባትሪ እንደሚቆይም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መንገድ በአየር የሚመጣው ነው። የአራተኛና የአምስተኛ ትውልድ ሞባይል ለአነስተኛ ቅርንጫፍ ጥሩ መጠባበቂያ ነው፤ የገንዘብ ማስተላለፍ ትእዛዝ ብዙ ፍጥነት አይፈልግም፣ ጥቂት ሜጋ ቢት ወረፋውን ያስቀጥላል። ሆኖም የሞባይሉ ማማ ራሱ የሚመገበው ያችው በተቆረጠችው ፋይበር ከሆነ አብሮ ይጠፋል። ቪሳት የሚባለው የሳተላይት መስመር ፋይበር ላልደረሰበት ገጠር ባለውለታ ነው፤ ሳተላይቷ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ግን መልእክት ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ከግማሽ ሰከንድ ያላነሰ ይፈጃል። ዝቅ ብለው የሚዞሩት አዳዲሶቹ ሳተላይቶች ይህን መዘግየት በእጅጉ ቀንሰውታል፤ ኬንያ ውስጥ ስታርሊንክ ከ2023 ጀምሮ ይሸጣል።

የተለያዩ መስመሮችን አንድ ላይ አስሮ እንደ ሁኔታው የሚያቀያይረው ኤስዲ-ዋን የሚባል ዘዴ አሁን በሰፊው ይወራለታል። ሁለት ርካሽ ብሮድባንዶችን ከአንድ ውድ የተመደበ መስመር አስበልጦ የሚያስመርጥበት ጊዜ በእርግጥ አለ። መንገዶቹ በእውነት የተለያዩ ከሆኑ እኔም እመርጠዋለሁ። አንድ ላይ የሚቆረጡ ከሆነ ግን ምንም ብልህ ሶፍትዌር አይመልሳቸውም።

ከከተማው ወጥተን የአገሩን በር እንይ። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ ወደ ዓለም የምትወጣባቸው የፋይበር መንገዶች በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የተዘረጋው የስልክ መስመር ፊቱን ያዞረው ወደ ምሥራቅ ነበር፤ ዛሬም የጅቡቲው በር ከሁሉ የላቀ ክብደት አለው። በሱዳን ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ጦርነት ስላለ በዚያ በኩል ያለውን መንገድ መተማመን ከባድ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ሦስት የባሕር ሥር ኬብሎች ተቆረጡ፤ ምክንያቱ በሚሳይል ተመትታ ስትንሳፈፍ የነበረችው ሩቢማር የተባለች መርከብ የጎተተችው መልሕቅ እንደሆነ ይታመናል። በሜይ 2024 ደግሞ ምሥራቅ አፍሪካን ከደቡብ ጋር የሚያገናኙት ኢሲና ሲኮም የተባሉ ኬብሎች ደቡብ አፍሪካ አጠገብ ተበጥሰው ከኬንያ እስከ ታንዛኒያ ኢንተርኔት ተንቀረፈፈ። በሴፕቴምበር 2025 በቀይ ባሕር ጅዳ አጠገብ እንደገና ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። እንዲህ ባለ ቀን በሰፈራችን ያለው ፋይበር ጤነኛ ነው፤ ጎረቤት ከተማ ያለው ሰርቨር በቅጽበት ይመልሳል፣ ውጭ አገር ያለው ግን አይገኝም።

ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ምክር አለኝ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የ8,000 ኪሎ ሜትር መንገድ ደርሶ መልስ 80 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ ይህን የሚያሳጥር ገንዘብ የለም። ስለዚህ የዕለት ሥራ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም በተቻለ መጠን አገር ውስጥ ይቀመጥ። አዲስ አበባ በሚገኘው አይሲቲ ፓርክ ቦታ የሚያከራዩ ገለልተኛ ዳታ ማዕከሎች ስላሉ ድርጅቱ የራሱን ክፍል ማቀዝቀዝ ግዴታው አይደለም። ውጭ ያለው የደመና (ክላውድ) አገልግሎት ለመጠባበቂያ ቅጂ፣ ለኢሜይልና ለመሳሰሉት ይዋል።

ውሉ ላይ የሚጻፈው መቶኛ ሌላው አታላይ ቁጥር ነው። 99 ከመቶ ሲባል አስተማማኝ ይመስላል፤ በዓመት ከ3 ቀን ተኩል በላይ መቋረጥን ይፈቅዳል። 99.9 ከመቶ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ፣ 99.99 ከመቶ 52 ደቂቃ ገደማ ነው። የትኛውም ቢጻፍ ሦስት ጥያቄዎች ይከተላሉ። የሚለካው ከየት እስከ የት ነው፤ ከአቅራቢው ጣቢያ እስከ ጣቢያ ወይስ እስከ ደንበኛው ወደብ? ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መስመሩ ሲቋረጥ ነው ወይስ ደንበኛው ደውሎ የአቤቱታ ቁጥር ሲሰጠው? ካሳውስ ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ካሳው ከወር ክፍያው ላይ የምትቀነስ ትንሽ ገንዘብ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የተዘጋ ቅርንጫፍ ያጣውን አትመልስም። ከመቶኛው ይልቅ በከተማ ውስጥ በስንት ሰዓት፣ ከከተማ ውጭ በስንት ሰዓት ይጠገናል የሚለውን ማጻፍ ይበልጣል። መስመሩን ስንረከብም አንድ የፍጥነት መለኪያ ገጽ ከፍቶ ማየት ርክክብ አይባልም። ዋይ 1564 የሚባል ዓለም አቀፍ የርክክብ ፈተና ከ2011 ጀምሮ አለ፤ ፍጥነቱን፣ መዘግየቱን፣ የመዘግየቱን መዋዠቅና የሚጣሉትን እሽጎች አንድ ላይ ይለካል። ውጤቱ ታትሞ ከውሉ ጋር ይታሰር።

ገበያው ራሱ የሚፈጥረው ችግርም አለ፤ የሌላውን አገር ልምድ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በእንግሊዝ የመዳብና የፋይበር መሠረተ ልማቱን አብዛኛውን የያዘው ቢቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ክፍል የሆነው ኦፕንሪች ነው፤ ሌሎች አቅራቢዎች ከእሱ የኢተርኔት መስመር በጅምላ ገዝተው ለድርጅቶች ይቸረችራሉ። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም በ2016 ኦፕንሪች መሣሪያ ያልተገጠመለትን ባዶ ፋይበር እንዲያከራይ ሲወስን፣ ቢቲ ወደ ይግባኝ ችሎት ሄዶ በ2017 ረታ፤ ኦፍኮም ዓመታት ፈጅቶ ጉዳዩን በጠበበ መልኩ እንደገና ማምጣት ነበረበት። ባዶ ፋይበር የተከራየ ድርጅት በሁለቱም ጫፍ የራሱን መሣሪያ አስቀምጦ ዛሬ 10 ጊጋ፣ ነገ 100 ጊጋ ማድረግ ይችላል፤ ለፍጥነት ተብሎ የሚከፈል ተጨማሪ ኪራይ የለበትም። ባለንብረቱ የሚጠላው ለዚህ ነው። እኛም ዘንድ ትልልቆቹ ባንኮች ዳታ ማዕከሎቻቸውን የሚያገናኙበት ባዶ ፋይበር በግልጽ ታሪፍ ቢቀርብ ሁሉም ይጠቀማል ባይ ነኝ።

በየጋዜጣው የሚወጡ የኔትወርክ ጨረታዎችን ላነበበ ሰው ጉድለቱ ፊት ለፊት ይታያል። የቅርንጫፍ ብዛት፣ የሜጋ ቢት ብዛት፣ የዋጋ ማቅረቢያ ቀን ይዘረዘራል፤ አሸናፊው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ይሆናል። የመስመሩ ካርታ፣ ወደ ሕንፃው የሚገባበት ነጥብ፣ የጥገና ሰዓት፣ የርክክብ ፈተና፣ የአቅራቢው ጣቢያ የባትሪ አቅም በዝርዝሩ ውስጥ ቢካተቱ ተጫራቹም ያን አስቦ ይወዳደራል። ካርታውን ለመስጠት የሚያቅማማ አቅራቢ ምናልባት ራሱም የለውም፤ ይህም ለገዢው በቂ መረጃ ነው።

ካርታው ከተገኘ በኋላ ወደ ሕንፃው የሚያስገባው ሁለተኛው መግቢያ መቼ ይሠራ የሚለው ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥና በክልል ከተሞች በኮሪደር ልማቱ የመንገድ ጠርዞች እየተቆፈሩ ገመዶች ከምሰሶ ወርደው ከመሬት በታች ወደተዘጋጁ ቱቦዎች እየገቡ ነው። በዚህ መስመር ላይ ሕንፃ ያለው ድርጅት የመጀመሪያው መግቢያ ከነበረበት በተቃራኒ ጎን አንድ ባዶ ቱቦ ከእግረኛ መንገዱ እስከ ሕንፃው ምድር ቤት ማስቀበር ያለበት ቁፋሮው ክፍት ባለበት ጊዜ ነው። ፋይበሩን ዛሬ ባይገዛም ቱቦው ይቀመጥለታል። ንጣፉ ካለቀ በኋላ ያችኑ ጥቂት ሜትር ለመቆፈር ፈቃድ መጠየቅ፣ የንጣፍ ማስመለሻ መክፈልና ተራ መጠበቅ ይመጣል።